ለአዛውንት አባቴ የሚሆን የሐይቅ ዳር የእግር መንገድ፦ ቢሾፍቱ ወይስ ሐዋሳ?

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ዛሬ በ74 ዓመታቸው ከቤታችን በረንዳ ላይ ሆነው የሚያዩት የሕንፃ ግንባታና የመኪና ሰልፍ ነው። ባለፈው እሑድ «ውኃ በአንድ ጎኔ አድርጌ ትንሽ ብራመድ» ሲሉ ሰማኋቸውና ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። ባሕር ልወስዳቸው ባልችልም ሐይቅ ግን አለን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መንገዱ አጭርና ሜዳማ ቢሆን፣ አረፍ ብለው ውኃውን የሚመለከቱበት ቦታ ቢኖረው፣ አራዊትና አዕዋፍ ቢታዩበት ደስ ይለኛል። እግራቸውንም ውኃ ውስጥ ቢነክሩ ይወዳሉ። የት ልውሰዳቸው?

ምላሽ፣ ከካዛንቺስ

ሐዋሳ ይውሰዷቸው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መዝናኛ ወደ ዓሣ ማራገፊያው አሞራ ገደል የሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ሲሞላ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ በተሠራው ክትር ላይ የሚሄድ በመሆኑ ዳገት የለውም፤ አባትዎም ውኃውን ከጎናቸው ሳይለዩ መራመድ ይችላሉ። ጠዋት አሞራ ገደል ከደረሳችሁ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ስበው ቆሮሶና አምባዛ ሲያራግፉ ታገኛላችሁ። ከአጠገባቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ አንገታቸውን በትከሻቸው መካከል ቀብረው፣ ቀላ ያለ ከረጢታቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ይቆማሉ። ቁመታቸው እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ሲያዩአቸው አዛውንቶች ለሸንጎ የተሰበሰቡ ይመስላሉ። የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲወረወር ግን ያ ሁሉ እርጋታ በቅጽበት ይጠፋል። ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን ቁልቁል ለቀው ተቀምጠው ይታያሉ። ከፍ ካለ ቦታ ማየት ለሚፈልግ የታቦር ተራራ ቅርብ ነው፤ ሐይቁና ከተማው ከዚያ ላይ አንድ ላይ ይታያሉ፤ ዳገቱን ግን እርስዎ ብቻ ቢወጡት ይሻላል።

ምላሽ፣ ከፒያሳ

በሐዋሳ ውበት አልከራከርም፤ ነገር ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ውስጥ መቀመጥ ለታመመ ጉልበት ቀላል አይደለም። ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሐይቆቹ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚገኙ ዳርቻቸው ገደል ነው፤ በዚህም ምክንያት ሰው ብዙ ሳይደክም ከአፋፉ ላይ ሆኖ ውኃውን በሙሉ ያያል። ጉድለቱን ግን አልደብቅም፦ ከሐይቆቹ አንዱ የሆነው የባቦጋያ ዳርቻ በአብዛኛው በሎጆችና በግል አጥር ስለተያዘ ውኃውን ተከትሎ መራመድ ያስቸግራል።

ምላሽ፣ ከአምስት ኪሎ

እግር ስለመንከር ያነሡትን ማንም አልመለሰልዎትም፤ ዋናው ጉዳይ ግን እርሱ ይመስለኛል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል በሚገባ ትል የሚመጣው የብልሃርዝያ በሽታ ስለሚገኝ አባትዎ እግራቸውን እንዳይነክሩ አደራ እላለሁ። ለዚህ የሚሻለው ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የላንጋኖ ሐይቅ ነው። ውኃው ቡናማ በመሆኑ የደፈረሰ ቢመስልም ሰዎች ለዋና የሚመርጡት እርሱን ነው።

ሌላም አደራ አለኝ። አሞራ ገደል ላይ ለጉሬዛ ዳቦና ብስኩት የሚሰጡ ጎብኚዎችን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ጉሬዛ ኑሮው በአብዛኛው በቅጠል ነው፤ ጨጓራውም እንደ ከብት ቅጠል ለማብላላት የተሠራ በመሆኑ የእኛ ምግብ ይጎዳዋል። ጦጣዎቹ ደግሞ ከእጅ መንጠቅ ስለለመዱ፣ ሚዛኑን ለማይጠብቅ አዛውንት አደገኛ ናቸው፤ ምግብ በቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ጠያቂው፣ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጉዞውን በሁለት ቀን ከፍለን፣ ላንጋኖ አድረን በማግሥቱ ሐዋሳ እንገባለን። ላንጋኖ ላይ ከመኪና ወርዶ ውኃው ዘንድ ለመድረስ መንገዱ ይከብዳቸው ይሆን?

ምላሽ፣ ከአምስት ኪሎ

ዳርቻው ላይ ያሉት ማረፊያዎች አሸዋማ በመሆናቸው እግር ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከዘራ ይያዙላቸው፣ እርስዎም ክንዳቸውን ይደግፉ። ጠዋት ውኃው የተኛ ስለሆነ ለመንከር ያመቻል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ሞገዱ እየተከታተለ ዳርቻውን ይመታል፤ አሰብ ለኖሩ ሰው ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ማዳመጡ የበለጠ ደስ ሳያሰኛቸው አይቀርም።