ድንኳን ውስጥ ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ቢጫ እየሆነ አስቸግሮኛል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ የዘመዴን መልስ በካኖን ካሜራ ሳነሳ ዋልኩ። ፀሐይዋ በቢጫው የድንኳን ሸራ አልፋ ስለምትገባ፣ በአውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን በራሱ በሚያስተካክልበት) ያነሳሁት ሁሉ የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ ቅቤ የነካው አስመሰለው። ከስተም ዋይት ባላንስ ልጠቀም፣ ማለትም ነጩን ራሴ ለካሜራው ላሳየው ብዬ በነጠላዋ ብለካው ደግሞ ቢጫው ለቀቀና የሰዉ ፊት ወደ ሰማያዊ አዘነበለ። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ 1፦
ስሕተቱ ነጠላው ላይ ነው። ከእጅ ፈትል የተሠራ ነጠላ ለዓይን ነጭ ቢመስልም፣ ጥጡ በተፈጥሮው በጥቂቱ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ፣ ካሜራው ያንን ቢጫነት ጭምር ለማጥፋት ሲል በሁሉም ነገር ላይ ሰማያዊ ይጨምራል። 18 በመቶ ብርሃን የሚመልሰውን ግራጫ ካርድ ይያዙ። ሙሽራዋ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ፊቷ ወደሚያይበት አቅጣጫ ያዙሩትና የፍሬሙን መሃል ሞልተው ያንሱት። ባዶ ካርድ ላይ አውቶፎከስ (ካሜራው በራሱ ማጥራቱ) ስለማይዝ ሌንሱን በእጅ ወደሚጠራበት ወደ ማኑዋል ይመልሱ። ከዚያም ሜኑ ውስጥ ከስተም ዋይት ባላንስን ከፍተው ያንን ፎቶ ይምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል፤ ነገር ግን ዋይት ባላንሱን ራሱን ሁለት ሦስት ማዕዘንና በመሃላቸው አንድ ካሬ ወዳለበት ምልክት ካላዞሩት የለኩት ነገር ሥራ ላይ አይውልም።

መልስ 2፦
ካርድ ከሌለ በሚል የኮምፒውተር ወረቀት እንዳይጠቀሙ አደራ እላለሁ። ወረቀቱ እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ሰማያዊ አድርጎ ስለሚመልሰው፣ በደጅ ብርሃን ሲለኩበት ፎቶው ወደ ቢጫ ያጋድላል። በፍላሽ የሚያነሱ ከሆነም ካርዱን በፍላሽ ያንሱት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በድንኳኑ በር በኩል ግን የደጅ ብርሃን ይገባል፤ እዚያ የተቀመጡትስ?

መልስ 1፦
ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ልክ አይስተካከልም። ቦታ በቀየሩ ቁጥር ካርዱን እንደገና ያንሱ፤ በሮው (RAW፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ካስቀመጡትም በኋላ በኮምፒውተር ማረም ይቀላል። ሸራው በጣም የደመቀ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ግን ሰማያዊው ብርሃን ከመነሻው ወደ ውስጥ ስለማይገባ፣ በግድ ሲመለስ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ ዋናዎቹን ፎቶዎች ሙሽሮቹን ወደ በሩ አስጠግተው፣ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙረው ቢያነሱ እመርጣለሁ።