የምዝገባ መዋጮን ትተን ለትምህርት ቤታችን ገንዘብ በምን እናሰባስብ?

ጥያቄ፦ ከተሁለደሬ (ሰኔ)

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት (ወተመህ) ጸሐፊ ነኝ። ሁለቱ ልጆቼም እዚያው ይማራሉ። ከምዝገባው በፊት መወሰን ስላለብን ምክር ፈልጌ ነው።

እስካሁን ገንዘብ የምናገኘው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። በምዝገባ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ጠረጴዛ እንዘረጋለን፤ በየተማሪው 200 ብር እንቀበላለን። አምና ነሐሴ ላይ አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ መጣች። የሻሿን ጫፍ ፈትታ የተጨማደዱ አስር አስር ብሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ቆጠርኩት፣ 70 ብር ነው። «የቀረውን ማሽላው ሲደርስ አመጣለሁ» አለች። ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው ልጅቷም ማሽላው ሲደርስ ትመዝገብ» አላት። እስክሪብቶው በእኔ እጅ ነበር፤ አልጻፍኳትም። ልጅቷ ኅዳር አጋማሽ ላይ መጣች፣ ትምህርቱ አለፋት፣ አሁን 3ኛ ክፍልን ልትደግም ነው። ያቺ 70 ብር ከዓይኔ አልጠፋ ብላኛለች።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። የሁለት ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፤ አናጺ አይቶ 120 ቆርቆሮ ገምቶልናል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር የለውም። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀትና ቀለም ደግሞ በየዓመቱ ያልቃል። ከመንግሥት የምትመጣው ድጎማ ለዚህ ሁሉ አትበቃም። በእጃችን ያለው ሰፊ ግቢና ደግ ሕዝብ ነው። ስብሰባ ላይ በግ ማድለብ፣ ቶምቦላ፣ ባዛርና የአካባቢውን ተወላጆች መጠየቅ ተነስተዋል። የሞከረ ሰው ይንገረኝ።

መልስ፦ መምህርት፣ ከወልዲያ

አይዞህ ወንድሜ። ከሁሉ በፊት ያንን ጠረጴዛ አንሱት። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍያ የለም። ወላጅ በፈቃዱ ቢያዋጣ እሰየው፤ ልጅን በገንዘብ መመለስ ግን አይቻልም።

እኛ ምዝገባው እዚያው ነሐሴ ላይ እንዲቆይ አድርገን መዋጮውን ወደ ጥር አዛወርነው። መዝጋቢውና ገንዘብ ተቀባዩም የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። በጥር ገበሬው ቤት እህል አለ፤ ያልጠየቅነው ሰው ሳይቀር ቁና ጤፍ ተሸክሞ መጣ። የመጣውን እህል ግን ዕለቱን ሰፍራችሁ ጻፉ፣ በሳምንቱም ሽጡት። ከከረመ ነቀዝ ይገባዋል፣ ሐሜትም ይነሳል።

መልስ፦ አንድ አባት፣ ከኩታበር

በግ ማድለቡን እኛ ሞክረነዋል፣ እባካችሁ አትግቡበት። ለፋሲካ ብለን ጥር ላይ 12 በግ ገዛን። የሦስት ወር ሥራ ነው፣ በወረቀት ላይ ያተርፋል። ፉርሽካውና ፋጉሎው እየተወደደ ሄደ። ቅዳሜና እሁድ ማን ያብላ? ጥበቃው ብቻውን ነው። ክትባቱ ዘግይቶብን አራቱ በሳል ሞቱ። የተረፉትን ሸጠን የገዛንበትን እንኳ አልመለስንም። በግ ሌሊት ተነስቶ የሚያየው ባለቤት ይፈልጋል፤ ኮሚቴ ደግሞ ሌሊት አይነሳም።

መልስ፦ ከመርሳ

ለምን ቶምቦላ አታዘጋጁም? አንድ ሙክት በዕጣ ብታወጡ፣ ትኬቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሸጡት በአንድ ሳምንት ያልቃል።

መልስ፦ አንድ ሽማግሌ፣ ከወረኢሉ

ልጄ፣ ያሰብከው ለበጎ ነው። ግን ቶምቦላ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ አይሸጥም፤ ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ከወላጁ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ዕጣ መጠበቅ ለእሱ ቁማር ነው፣ ሐራም ነው። አይገዛም፣ ልጁም አይሸጥም። ያ ልጅ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ትኬት ይዘው ሲሯሯጡ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው። በወሎ ሁሉም እኩል እጁን የማያስገባበት ነገር የትምህርት ቤት ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

ይልቅ ቅሬዎቹን፣ ማለትም እድሮቹን፣ ጥሩ። የኛ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው። የመማሪያ ክፍል ስንሠራ ድንጋይና አሸዋውን በየቅሬው አከፋፈልን። ሰው ለቀብር እንደሚወጣው አድርጎ ወጣ። የቀረውን ሰው ኮሚቴው መፈለግ አላስፈለገውም፤ የቅሬው ዳኛ ያውቀዋል። በገንዘብ ብናሰላው ለጉልበት የምንከፍለው ከቆርቆሮው ዋጋ አይተናነስም ነበር።

መልስ፦ ከመርሳ

እሺ አባባ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እድሜ ይስጥልኝ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ከደሴ

ባዛር ካደረጋችሁ ሥጋ አታስገቡበት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚበላው የየራሱን እርድ ነው፤ ሁለት ድስት ሲጣድ ልጆቹም በሁለት ሰልፍ ይቆማሉ። እኛ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ሻይ ቡና ብቻ አደረግን። ቅቤና ወተት ስላልነካው የሚጾመውም ይበላዋል። ረመዳን ላይ ግን እንዳይውል ቀን ቁጠሩ። ዱቄቱን እናቶች ከየቤታችን በጣሳ አዋጣን፣ ዳቦውንም በየቤታችን ጋገርን፤ ስለዚህ ወጪው የስኳርና የሻይ ቅጠል ብቻ ሆነ። በዓመቱ መዝጊያ ቀን ነው ያደረግነው፤ ልጆቹ ግጥም ስለሚያነቡ ወላጅ ሳይጠራ ይመጣል።

ገቢው ትልቅ አይደለም፣ ጣሪያ አያለብስም። የመጸዳጃ ቤት በር ግን ይገዛል። እኛ በሩን ከነመቀርቀሪያው ያሠራነው በዚያ ዳቦ ነው። ደግሞ የሴቶቹን በር አታዘግዩት፤ የደረሱ ልጆች በየወሩ ከቤት የሚቀሩት በእሱ ምክንያት ነው።

መልስ፦ ከአምባሰል፣ ውጫሌ

ወንድሜ፣ ሰፊ ግቢ አለን ብለህ አለፍከው። ሳሩን ማን ነው የሚበላው? የጎረቤት ከብት ከሆነ ገንዘባችሁ እዚያ ነው።

የኛም ግቢ አጥሩ ወድቆ የመንደሩ ግጦሽ ሆኖ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወላጆች በእሾህ አጠርነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከብት አልገባም። ጥቅምት ሲገባ ሳሩ ወገብ ደረሰ። የመጀመሪያው ዓመት ስህተታችን ግቢውን በሙሉ በአንድ ጨረታ ማውጣታችን ነው። ያን ያህል ገንዘብ ያለው አንድ ነጋዴ ብቻ ስለነበር ባለው ዋጋ ወሰደው። በሁለተኛው ዓመት በገመድና በችካል 24 መደብ ከፈልነው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ አጫረትን። አንዲት ላም ብቻ ያለቻት መበለት ሳትቀር አንድ መደብ ገዛች። የገባው ገንዘብ ከአምናው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የዓመቱን ጠመኔና የፈተና ወረቀት ሸፍኖ ተረፈ።

ሳሩ የሚታጨደው አበባ ሲያወጣ ነው። ዘሩን ጥሎ ከደረቀ ገለባ ነው፣ ገዥም ያውቀዋል። አጨዳውን ቅዳሜ አድርጉት፣ ማጭድና ሕፃን አንድ ግቢ አይዋሉ። በክፍሎቹና በመጸዳጃው ዙሪያ አስር እርምጃ ያህል ሁልጊዜ አሳጥራችሁ እጨዱ፤ ረጅም ሳር እባብ ያስገባል። እርከኑ ላይ ደግሞ ደሾ የሚባለውን የመኖ ሳር ትከሉ። ሥሩ እየተገነጠለ ስለሚባዛ በዓመቱ ግንጣዩን ራሱን ለገበሬ ትሸጣላችሁ።

ጠያቂው

ሳሩን ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ እየረገጥኩት አልታየኝም! አንድ ነገር ግን አስፈራኝ፤ ከብት የሚያሰማሩት ጎረቤቶች አይቀየሙንም?

መልስ፦ ከአምባሰል፣ ውጫሌ

ይቀየማሉ፣ ካልነገራችኋቸው። አጥሩ ሳይታጠር በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው። እኛ ከ24ቱ 4 መደብ በመነሻ ዋጋ ለነሱ አስቀደምን። ዛሬ ግቢውን ሌሊት የሚጠብቁልን እነሱ ናቸው።

መልስ፦ አናጺ፣ ከኮምቦልቻ

ስለ ቆርቆሮው ብቻ ልናገር። 120 የተባለው ለባለ 2 ሜትሩ ይሁን ለረጅሙ አናጺውን ጠይቁት። ጌጁንም ተጠንቀቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። 32 ርካሽ ነው፣ ንፋስ ባለበት ግን ሚስማሩ ላይ ይቀደዳል። 28 ግዙ። ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ሰብስቡ፣ ዋጋው ስለሚዋዥቅ ገንዘቡ በተሟላ ቀን ግዙ። እርጥብ እንጨት አትቀበሉ፣ ሲደርቅ ተጣሞ ጣሪያውን ያነሳዋል። ከአሮጌው ቆርቆሮ ደህናውን ለመጸዳጃው ጣሪያ አስቀሩት።

መልስ፦ ከጅዳ

እኔ የዚያው የተሁለደሬ ልጅ ነኝ። ሰው ቤት እየሠራሁ ነው የምኖረው። ሐይቅ ሲባል ልቤ ይሮጣል፣ ስለዚህ በግልጽ ልንገራችሁ።

ከዚህ በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ብለው ጠይቀውን ስምንት ሴቶች አዋጥተን ላክን። ገንዘቡ የገባው በአንድ ሰው ስም ነበር። ምን እንደተሠራበት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። በልቼ ሳይሆን ቆጥቤ የላኩት ነው፣ ያማል። ስለዚህ «እርዱን» አትበሉን፤ «አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ» በሉን። የአንዱን ዋጋ ጻፉልን። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ፣ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ፣ ሞዴል 64 ደረሰኝ ተቆርጦ በፎቶ ይላክልን። ጣሪያው ሲመታ ደግሞ አንድ ፎቶ ከላይ፣ አንድ ፎቶ ልጆቹ ከሥር ተቀምጠው። በየወሩም አትደውሉልን፤ ይህችን ጨርሱና ስለሚቀጥለው ያኔ እንነጋገራለን።

የኔን ሁለት ቆርቆሮ ጻፉ። አንዱ በእናቴ ስም ነው።

ጠያቂው (ነሐሴ)

የሆነውን ላሳውቃችሁ። በጉም ቶምቦላውም ቀርቷል። የበጉን ሐሳብ ያመጡት ጋሼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ የኩታበሩን ወንድማችንን ጽሑፍ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና አጥሩን እኔ አስተባብራለሁ አሉ። አራት ቅሬ ወጥቶ በሁለት ቀን ታጠረ። ጎረቤቶቹን አስቀድመን አነጋግረናል፤ አንድ ሌሊት ብቻ ሁለት በሬ ገብቶ ነበር፣ ባለቤቱ ጠዋት ራሱ መጥቶ ክፍተቱን ደፈነ። ሳሩ አሁን ከጉልበት በላይ ነው። በሰኔ መዝጊያ ዳቦው ተሸጦ የሴቶቹ በር ተገጥሟል። ቆርቆሮው 87 ደርሷል፣ ዝርዝሩን ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ሰው ቆሞ ያነበዋል፣ ስሙን ሲያገኝ ለልጁ ያሳየዋል።

ምዝገባው ሰኞ ተጀመረ፣ ጠረጴዛው የለም። ያቺ እናት ከልጇ ጋር መጣች። መዝገቡን ገልጬ የልጅቷን ስም ስጽፍ ቀና ብዬ አየሁ፣ ሻሿን መፍታት ጀምራለች። «ዘንድሮ የለም እህቴ» አልኳት። አላመነችኝም፤ የልጇ ስም ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ቋጠሮውን እንደያዘች ቆየች።

የውጫሌው ወንድሜ፣ ለመጪው ሰኔ 300 የደሾ ግንጣይ ታስቀምጥልኛለህ? ማጓጓዣውን እኛ እንችላለን።