አውስትራሊያ፦ በራሴ ገንዘብ የገዛሁት የሥራ መሣሪያ ከግብር እንዴት ይቀነሳል?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። ተቀጣሪ አናጺ ነኝ። ማርች 1 ላይ የጠረጴዛ መጋዝ በ900 ዶላር፣ ድሪል በ220፣ ስፋታቸው የተለያየ አራት መሮ ደግሞ እያንዳንዱን በ90 ገዛሁ። መጋዙ ለቤት ሥራም ስለሚያገለግል የሥራው ድርሻ 80 በመቶ ነው። አንዱ «እስከ 300 ዶላር ደረሰኝ አያስፈልግም» ይላል፣ ሌላው «ከ300 ካለፈ አይቀነስም»። የቱን ልያዝ?

መልስ 1
ሁለቱንም አትያዝ። ሁለት የተለያዩ 300ዎች ተደባልቀውብሃል። የመጀመሪያው የማስረጃ ነው፦ የዓመቱ የሥራ ወጪህ በጠቅላላ ከ300 ካላለፈ ደረሰኝ አትጠየቅም፤ ያም ሆኖ ገንዘቡን በእርግጥ ማውጣት አለብህ። ያንተ ስላለፈ ለሁሉም ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአንድ ዕቃ ዋጋ ነው፦ 300 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዘንድሮ ሙሉውን ትቀንሳለህ፣ ካለፈ በዓመታት ይከፋፈላል እንጂ አይቀርም።

ስለዚህ ድሪሉ ዘንድሮ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሮው ላይ ነው። በአንድ የግብር ዓመት፣ ማለትም ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30፣ የተገዙ የአንድ ስብስብ ዕቃዎች ዋጋ ይደመራል። 4 በ90፣ 360 ነው፣ ከ300 ስላለፈ በዓመታት ይከፋፈላል፤ ለየብቻ ደረሰኝ ማሠራት አያድንም።

መልስ 2
መጋዙን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ የአገልግሎት ዘመኑን 5 ዓመት ብለን በፈጣኑ ስሌት (በዓመት 40 በመቶ) ብንሄድ፣ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ያለው 122 ቀን ነው።

900 × 122/365 × 40% = 120.33፤ የሥራው ድርሻ 80% = 96.26 ዶላር።

ዋጋቸው ከ1,000 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃዎች ግን «ሎው ቫልዩ ፑል» የሚባል፣ ዕቃዎቹን አንድ ላይ አድርጎ በአንድ መቶኛ የሚቀንስ ምርጫ አለ። መቼም ይገዛ፣ የመጀመሪያው ዓመት 18.75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከቀሪው 37.5 በመቶ ነው። መጋዙ፦ የሥራው ድርሻ 900 × 80% = 720፤ 720 × 18.75% = 135 ዶላር፤ በሚቀጥለው ዓመት 585 × 37.5% = 219.38። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለተገዛ ዕቃ ይኼኛው ይሻላል ባይ ነኝ። መሮዎቹም እዚያው ይገባሉ። ነገር ግን አንዴ ከጀመርክ፣ ከዚያ ወዲያ የምትገዛው በዚህ ዋጋ ክልል ያለ ዕቃ ሁሉ (ወዲያው ከሚቀነሰው በቀር) እዚያ መግባቱ ግዴታ ነው። የፑሉ ተቀናሽ የሚሞላው በግብር ማስታወቂያ ቅጹ ዲ6 በሚባለው ቦታ ላይ ነው፤ ድሪሉ ግን ዲ5 ላይ።

መልስ 3
ስለ ደረሰኝ ልጨምር። የሻጩ ስም፣ ቀኑ፣ ዋጋውና የዕቃው ዓይነት መታየት አለበት። ማሽኑ ኮድ ብቻ አትሞ ከሰጠህ ዓይነቱን ራስህ ጻፍበት፣ ግብሩን ከማስገባትህ በፊት። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጥቂት ወራት መኪና ውስጥ ከቆየ ነጭ ይሆናል፤ በገዛህበት ቀን ፎቶ አንሳው። ከመጨረሻው ተቀናሽ በኋላም 5 ዓመት አቆየው።

አሠሪህ የከፈለልህን ወይም የተካልህን አትቀንስ። በደመወዝህ ላይ የመሣሪያ አበል ካለ ደግሞ እንደ ገቢ ታሳውቃለህ፤ የምትቀንሰው አበሉን ሳይሆን ያወጣኸውን ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤቢኤን (የንግድ መለያ ቁጥር) አውጥቼ በራሴ ብሠራስ?

መልስ 2
ያኔ የ300ው ደንብ አይመለከትህም፤ የአነስተኛ ንግድ ደንብ ነው የሚሠራው። በ2024–25 ዓመት ከ20,000 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ የሥራ ድርሻው ባንዴ ይቀነስ ነበር። ለጂኤስቲ (የዕቃና አገልግሎት ግብር) ከተመዘገብክ፣ መልሰህ የምታገኘውን ጂኤስቲ አውጥተህ አስላ።