ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ግድግዳው ውሃ ማፍሰስ ጀመረ

ሰላም፣ የቧንቧ ሥራ የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የኮንዶሚኒየም ቤቴን መታጠቢያ እያሳደስኩ ነው። የድሮውን የብረት ቧንቧ አስነቅዬ በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) አስቀየርኩ፣ ሴራሚኩም ተለጥፎ አለቀ። ያን ሰሞን የውሃ ፈረቃችን ስላልነበር መስመሩ ውሃ ተሞልቶ አልተፈተሸም (ጥፋቱ የኔም ነው)። ትናንት ሌሊት ውሃ ሲመጣ ከሲንኩ በታች ካለው ፉጋ (በሴራሚኮቹ መካከል ካለው መሙያ) ላብ የመሰለ ነገር ይወርድ ጀመር። ጠዋት የታችኛዋ ጎረቤቴ ጣሪያዋ ላይ የሰሃን ያህል እድፍ አሳየችኝ። ሁሉንም ቧንቧ ዘግቼ ቆጣሪውን ሳየው ቀስ እያለ ይዞራል፤ ወደ ቦይለር የሚሄደውን ስዘጋ ይቆማል። ሠራተኛው "ሲሊኮን ይበቃዋል" ይላል፣ እኔ ግን አላመንኩትም። ፒፒአር በሙቀት ስለሚበየድ አንዱ መጋጠሚያ በደንብ አልተያዘም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሴራሚኩን በሙሉ ሳላፈርስ የሚያፈስበትን ቦታ እንዴት ላግኘው? ለጊዜው ዋናውን ዘግተን በጀሪካን ነው የምንኖረው።