የአጎቴን የድሮ ኬዝ ሰንጢ ልጠቀምባት ወይስ ላስቀምጣት?

ባለሰንጢው (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ አንዴ ላማክራችሁ። አጎቴ ካረፈ በኋላ ከእቃዎቹ መሃል አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ለኔ ደረሰችኝ፣ ኬዝ ትራፐር ነች (ኬዝ የአሜሪካ ሰንጢ ሰሪ ነው፣ ትራፐር የሞዴሉ ስም)፣ ሁለት ስለት አላት፣ አንዱ ጫፉ ሹል ነው ሌላኛው ደግሞ ጫፉ ደፈጥ ያለ ነገር ነው፣ እጀታዋ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ። እኔ ደግሞ ሰንጢ ከኪሴ የማይጠፋ ሰው ነኝ፣ ካርቶን መቅደድ፣ ገመድ መቁረጥ፣ እንጨት መላግ ምናምን፣ እና ይቺን ስይዛት እጄ ላይ ልክክ ነው የምትለው። ግን አንድ ጓደኛዬ አያትና "ኧረ እንዳትነካት ይሄ እኮ አንቲክ ነው፣ አንዴ ከሳልካት ዋጋዋ አለቀ" ብሎ አስፈራራኝ፣ ከዛ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች። ካርቶኗ የለም፣ ለመሸጥም አላሰብኩም። ምን ትላላችሁ? ላስቀምጣት ካልኩስ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

አናጢው
ተጠቀምባት ወንድሜ! ሰንጢ ተሰርታ የመጣችው ልትቆርጥ ነው፣ አጎትህስ በኪሱ ይዟት ሲዞር አልነበር? የማትሸጣት ከሆነ ዋጋዋ ለማን ነው የሚጠበቀው?

ሰብሳቢው
አናጢው አትቸኩል። ጠያቂ፣ ልጠቀም ልተው ከማለትህ በፊት የያዝከው ምን እንደሆነ እወቅ። ስለቷን ክፈትና ከእጀታው ጋር የምትጋጠምበት ቦታ ላይ ያለውን ማህተም በደንብ እየው፣ ማጉያ ከሌለህ የስልክ ካሜራ ይበቃል። "ኬዝ ኤክስ ኤክስ" ብቻ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1964 ባለው ጊዜ የተሰራች ነች፣ ስሩ "ዩ ኤስ ኤ" ከተጨመረ ከ1965 እስከ 1969፣ "ሜድ ኢን ዩ ኤስ ኤ" ብሎ ነጠብጣብ ካለበት ደግሞ ከ1970 ወዲህ ነች። ነጠብጣቦቹን ቁጠራቸው፣ 1970 ላይ አስር ነበሩ፣ በየአመቱ አንድ አንድ እየተቀነሰ 1979 ላይ አንድ ብቻ ቀረ። አስር ነጠብጣብ ያላትን ሰብሳቢ ሁሉ ይፈልጋታል ምክንያቱም የነጠብጣብ አሰራሩ የመጀመሪያ አመት ነው።

ከጀርባ በኩል ደግሞ ቁጥር አለ፣ 6254 ከሆነ 6 እጀታው አጥንት ወይም አጥንት እንዲመስል የተሰራ ነው ማለት ነው፣ 2 የስለቱ ብዛት፣ 54 ሞዴሉ ትራፐር። እጀታው እውነተኛ አጥንት መሆኑን ለማየት በማጉያ ስታየው መርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጥቁር ቀዳዳዎች አሉት፣ ፕላስቲክ ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። የጋለ መርፌ ወግተህ ለይ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በጭራሽ እንዳትሰማቸው።

ከዛ ትልቁ ጥያቄ፣ ተስላ ታውቃለች ወይ? ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ከሆነ ጠርዟ ላይ ያለው መስመር ቀጭንና ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። በእጅ የተሳለች ከሆነ አንድ ቦታ ሰፋ ሌላ ቦታ ጠበብ ይላል፣ ጭረቱም ወዲያና ወዲህ ነው። እሱን አይተህ ተመለስ።

የድንጋይ ልጅ
ሰብሳቢው ያለው ላይ ልጨምር፣ ጓደኛህ ስለ መሳል ያለው ግማሹ እውነት ነው። ያልተሳለችና ያልተያዘች ሰንጢ "ሚንት" ነች፣ አንዴ ድንጋይ ካገኛት ሚንት መሆኗ ያበቃል፣ የተሳለ ብረት ደግሞ አይመለስም። ግን ቀድሞ ተስላ ከነበረ በደንብ የተሳለችና በግዴለሽነት የተሳለች መሃል ያለው ልዩነት ነው የሚቀረው፣ እሱ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። ግራይንደር ላይ የሄደች ሰንጢ አይቼ አውቃለሁ፣ ብረቱ ግሎ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ እዛ ጋ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ገድሎታል፣ ብትስለውም ቶሎ ይደነዝዛል። በእጅ፣ በውሃ ወይ በዘይት ድንጋይ፣ ቀስ ብለህ።

ብርሃኔ
ይቅርታ ጥያቄ ውስጥ ጥያቄ ላስገባና የኔ ደግሞ በክ 110 የምትባል ታጣፊ ሰንጢ ነች፣ የባለቤቴ አባት ነው የሰጡኝ፣ ከቆዳ አፎቷ ሳወጣት ነሐሱ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሮባታል። ምንድነው ይሄ? በብርጭቆ ወረቀት ልፈትጋት?

ሰብሳቢው
ኧረ ብርሃኔ እህቴ በብርጭቆ ወረቀት አይሆንም! አረንጓዴው የነሐስ ዝገት ነው፣ የሚመጣውም ከአፎቱ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ውስጡ ይቀራል፣ ስለዚህ አፎት ለመሸከሚያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ጥቂት ዘይት ጠብ አርገሽ ትንሽ ጊዜ ስጪውና በስቴኪኒ እየጫርሽ አንሺው፣ እንጨት ነሐስን አይጭረውም። ከዛ በለስላሳ ጨርቅ። ከስሩ ጠቆር ያለ ቀለም ከቀረ ተዪው፣ እሱ እድሜዋ ነው፣ እስኪያብለጨልጭ የተፈተገ ነሐስ ሰብሳቢ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በነገራችን ላይ ያቺ ሞዴል ከ1964 ጀምሮ ስትሰራ የኖረች ነች፣ በጣም ብዙ ነው የተሰራው፣ ስለዚህ አብዛኛዋ ለስራ ነች። ከ1986 ወዲህ የተሰራች ከሆነ ከቁጥሩ አጠገብ አመቷን የሚናገር ትንሽ ምልክት ታገኛለሽ።

ብርሃኔ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አፎቱን ለብቻው አስቀምጠዋለሁ።

ባለሰንጢው (ጠያቂ)
አየሁት! ሜድ ኢን ዩ ኤስ ኤ ይላል፣ ነጠብጣቦቹ ሰባት ናቸው፣ ደጋግሜ ነው የቆጠርኩት። ቁጥሩም 6254 ነው። እጀታው ላይ ያልካቸው ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳዎች አሉ። ሹሉ ስለት ተስሏል፣ ያውም ብዙ ጊዜ፣ ከእጀታው አጠገብ ጎድጎድ ያለች ቦታ ሰርቷል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ መስመሩ ሰፍቷል። ያኛው ደፈጣው ስለት ግን ንክች ያለው ያለ አይመስልም፣ መስመሩ እኩል ነው። ሹሉ ላይ ግራጫ ነገር ለብሷል፣ ስሩ ጋ ደግሞ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

ሰብሳቢው
እንግዲህ መልሱ መጣ። ሰባት ነጠብጣብ 1973 ነች፣ ጥሩ ሰንጢ ነች ግን ብርቅ አይደለችም፣ ካርቶን የላትም፣ ዋናው ስለቷ ተስሏል። ሰብሳቢ ሚንት ብሎ የሚከፍልላት ነገር ከድሮ ጀምሮ የለም፣ ስለዚህ ጓደኛህ የሚያስፈራራህ በሌለ ነገር ነው። ሳትነካ አስር አመት ብታስቀምጣትም ሚንት አትሆንም። እኔ ብሆን እጠቀምባታለሁ፣ በሹሉ ብቻ። ያልተሳለውን ተወው፣ ስራ አይጎድልብህም፣ ያለበት ሁኔታም አይበላሽ።

ግራጫውን አትንካው፣ እሱ ብረቱ ለረጅም ጊዜ ሲሰራበት የሚያወጣው ልባስ ነው። የኬዝ የድሮ ክሮም ቫናዲየም ብረት ስቴንለስ አይደለም፣ ፍራፍሬ ስትቆርጥበት እንኳን ቀለሙን ይቀይራል። ቀዩ ግን ዝገት ነው፣ እየበላት ስለሚሄድ ዛሬውኑ ዘይት ነክሮ በጨርቅ ማሸት፣ እምቢ ካለ በጥፍርህ ወይ በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብሎ መጫር።

ማህደር
እኔ ትንሽ ልቃወም። ዋጋ ዋጋ ትላላችሁ፣ ያ ጎድጎድ ያለው ቦታ እኮ ሰውየው በእጁ እየሳለ ያመጣው ነው። አንተ በራስህ አንግል ስትስለው የሱን ቅርጽ ታጠፋዋለህ። ኬዝ ትራፐርን አሁንም ይሰራል፣ አዲስ ግዛና እሷን ለካርቶን ለምናምን አድርግ፣ ይቺን እንደተወልህ አስቀምጥ። ሁለቱንም አገኘህ።

አናጢው
ማህደር አዲሷ እኮ እሷ አይደለችም ባክህ። እኔ የአባቴን መሮ እየሳልኩ ነው የምሰራበት፣ ደስታዬም እሱ ነው።

ማህደር
መሮ የስራ መሳሪያ ነው አናጢው፣ ኪስ ውስጥ ያለ ሰንጢ ደግሞ ይጠፋል። እኔ የምፈራው መሳሉን ሳይሆን መጥፋቱን ነው፣ ሰው ስንቱን ታክሲ ወንበር ላይ ጥሎ ወርዷል።

የድንጋይ ልጅ
ይሄኛው ነጥብ እውነት ነው፣ ከቤት ባታወጣት ይሻላል። አንግሉን በተመለከተ ግን መፍትሄ አለ፣ ጠርዙን በማርከር ቀባው፣ ከዛ ድንጋይ ላይ አንዴ ብቻ አስኪደው፣ ቀለሙ የት እንደለቀቀ እይ። ሙሉ ለሙሉ ከጠርዙ ከለቀቀ አጎትህ የሳለበትን አንግል አግኝተሃል፣ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርግ። አንድ ሌላ ነገር፣ ስትዘጋት በሞላው (በስፕሪንጉ) ጉልበት "ጧ" ብላ እንድትዘጋ አትልቀቃት፣ ጠርዟ ከውስጥ ሞላው ላይ እያረፈ ይጎረዳል። በጣትህ ይዘህ ዝጋ።

ባለሰንጢው (ጠያቂ)
እሺ ወስኛለሁ፣ ቤት ውስጥ፣ በሹሉ ስለት ብቻ፣ ኪስ ውስጥ አትገባም። ለኪስ አዲስ እገዛለሁ (ማህደር አሸነፍክ ግማሹን)። ስራ ላይ በማትሆንበት ጊዜስ ምን ልቀባት? የስፌት መኪና ዘይት አለኝ።

ሰብሳቢው
ለመገጣጠሚያው የስፌት መኪና ዘይት ግሩም ነው፣ አንድ ጠብታ፣ ከፍተህ ዘግተህ የሚወጣውን ጥቁር ቆሻሻ ጥረግ። የሚበላ ነገር የምትቆርጥበት ከሆነ ግን ስለቱን ሽታ የሌለው የሚበላ ደረጃ ሚኒራል ኦይል ቀባው፣ የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ሲቆይ ይገማል ይጣበቃልም። ላስቲክ ውስጥ አትጠቅልላት፣ እርጥበት ያፍናል፣ በደረቅ ጨርቅ ይበቃታል፣ አጠገቧ ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጣል አድርግ። ደግሞ ሌላ የድሮ ሰንጢ እጀታው ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ አይነት) የሆነ ካለህ ከሷ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጥ፣ ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ያዝገዋል።

ብርሃኔ
ሴሉሎይድ መሆኑን በምን ይታወቃል? የኔ በክስ?

ሰብሳቢው
የበክ 110 እንጨት ነው እህቴ፣ አታስቢ። ሴሉሎይድ በብዛት የእብነ በረድ ወይ የኤሊ ድንጋይ የሚመስል ቅልቅል ቀለም ያለው ነው፣ መበላሸት ሲጀምር ይሰነጣጠቃል፣ ሽታውም ያስታውቃል፣ አፍንጫ የሚያቃጥል ኮምጣጣ ነገር። እንደዛ የሚሸት ካገኘሽ ለብቻው አየር ያለበት ቦታ አውጪው፣ ከእሳትም አርቂው፣ በቀላሉ ነው የሚቀጣጠለው።