በጌ ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ፣ እርዱኝ

ሰላም እጀ ወርቆች። የምኖረው ሰንዳፋ ነው። የበግ ጠጉር በመርፌ እየወጋሁ ትንንሽ እንስሳት መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። በቅርጹ አልታማም። ጨርሼ ሳየው ግን ገላው ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጭገሩ ቆሟል። ትናንት እናቴ በጉን አገላብጣ አየችና «ይሄ ድመት ፈንጣጣ ወጥቶበታል እንዴ?» አለችኝ። በግ ነው እኮ!

ጠጉሩ የመንዝ በግ ነው። ለባና የሚሆነው፣ ሸካራው። አጥቤ በደንብ አባዝቼዋለሁ። መርፌዬ 36 ቁጥር ነው፣ ወፍራሙ። አንዲት 40 ቁጥር፣ ቀጭኗ፣ ነበረችኝ። ጠጉሩ ውስጥ እንዳለች እጄን ጠመም ሳደርግ ቀጭ ብላ እዚያው ቀረች። ጫፏን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄደ። በልብስ መርፌም ሞክሬ ነበር። ጥርስ ስለሌለው ጠጉሩን ይዞ አይገባም፣ ባዶውን ገብቶ ባዶውን ይወጣል።

ጥፋቱ የመርፌው ነው የጠጉሩ? ወይስ ውስጡ ሳይጠጥር ቶሎ ወደ ላዩ እየሄድኩ ነው? በአውራ ጣቴ ስጫነው አሁንም ይሰረጉዳል። መጀመሪያ በ38፣ ከዚያ በ40 ቀስ እያልኩ ከላይ ከላይ ብወጋው ይሻላል? ሜሪኖ የሚባለውን በግ ለስላሳ ጠጉር ሳሳ አድርጌ ባለብሰውስ፣ የታችኛው ሸካራ እየሾለከ አይወጣም? የቆመውን በትንሽ መቀስ መከርከም ሞክሬያለሁ፣ በማግስቱ ስነካካው ሌላ ይቆማል። በሳሙና ውሃ ላዩን ማሸትም አስቤ ነበር፣ ግን ጆሮዎቹ እንዳይጨማደዱ ፈራሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቀጭኑን መርፌ የት እንደማገኝ የምታውቁም ጠቁሙኝ። በጉ ለእህቴ ልጅ ልደት ነው፣ ቅዳሜ ይፈለጋል።