የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ጠዋት ውኃ አልስብ ይላል፤ አሁን ደግሞ እያጉረመረመ ብሬከር ይጥላል

ጠያቂ፦ የቢሾፍቱ ማረፊያ

ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ ውስጥ ቤተሰባችን የሚያስተዳድረው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። በግቢው ያለው መዋኛ ገንዳ 60 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። ፓምፑ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ሲሆን በነጠላ ፌዝ፣ በ220 ቮልት ይሠራል፤ የተቀመጠውም ከገንዳው ውኃ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተሠራ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው።

ችግሩ የጀመረው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነው። ማታ ጠፍቶ ያደረው ፓምፕ ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ ይዞራል፤ ውኃ ግን አይስብም። በግልጹ ክዳን በኩል ሲታይ ቅርጫቱ ያለበት ክፍል ከግማሽ በታች ውኃ ይዞ ይናጣል። ሠራተኛችን በባልዲ ውኃ ሞልቶበት፣ ክዳኑን መልሶ ሲያስነሣው ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ይስባል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውኃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአየር አረፋ ይታያል። የማጣሪያው የግፊት መለኪያ ቀድሞ 1 ባር ገደማ ያሳይ ነበር፤ አሁን መርፌው ከ0.4 ባር በታች ይርገበገባል። እንዲህ እያስታመምነው ከርመን ባለፈው ሳምንት በፓምፑና በሞተሩ መጋጠሚያ በኩል ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ብረት ከብረት የሚፋጭ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ከትናንት በስቲያ ደግሞ ማብሪያው ሲጫን ከማጉረምረም በቀር አልዞር አለ። ጥቂት ሰከንዶች እንደቆየም ብሬከሩን ይጥላል።

ያየልን ባለሙያ ምንም ሳይፈታ «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ወይ ይጠቅለል ወይ አዲስ ይገዛ» ብሎናል። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ከዚያ ገዝቶ ሊልክልኝ ፈቃደኛ ነው። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት መጠየቅ የፈለግሁት፣ ሞተሩ በእርግጥ ተቃጥሏል ማለት ይቻላል ወይ፣ የጠዋቱ ውኃ አለመሳብና የአሁኑ አለመዞርስ የተለያዩ ችግሮች ናቸው ወይስ አንዱ የሌላው ውጤት ነው የሚለውን ነው።

መልስ፦ ሞተር ጠጋኝ፣ አዳማ

ጥያቄዎን በዝርዝር ስለጻፉት መልሱ ግማሽ በግማሽ በጽሑፍዎ ውስጥ አለ። በእኔ ግምት ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው፤ ሞተሩም የተቃጠለ አይመስለኝም። የሽቦ ጥቅልሉ የተቃጠለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አለው፤ ብሬከሩንም ማጉረምረሚያ ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ይጥላል። የሚያጉረመርም ሞተር ግን ኤሌክትሪክ ደርሶታል፤ መዞር ነው ያቃተው። መዞር የሚያቅተውም አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ስለተያዘ ወይም ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያግዘው ኃይል ያዥ ክፍል) ስለደከመ ነው።

ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብሬከሩን ያጥፉ፤ እርስዎ ፓምፑ ክፍል እያሉ ሌላ ሰው እንዳያበራውም ሰሌዳውን ይቆልፉ ወይም ሰው ያቁሙበት። ከሞተሩ ኋላ ያለውን የፋን ሽፋን በካቻቢቴ ፈትተው ፋኑን በእጅዎ ያዙሩት። በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ካፓሲተሩ ይሄዳል። ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ጫፎቹን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ በቅድሚያ በአሮጌው ዓይነት የ220 ቮልት አምፖል በኩል ያራግፉት፤ ከዚያ በመልቲሜትር ይለኩት። ንባቡ በላዩ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ ከአሥር በመቶ በላይ ከወረደ ይቀየራል፤ ዋጋውም ከሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፋኑ ጨርሶ አልዞር ካለ ግን ወይ ኢምፔለሩ (እየዞረ ውኃውን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ጠጠር ገብቷል ወይ ኩሽኔታው ዝጎ ተይዟል። እርስዎ የገለጹት ቅደም ተከተል፣ ማለትም መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ የመፋጨት ድምፅ፣ ከዚያ መያዝ፣ የኩሽኔታ ታሪክ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ዘንጉ የሚያልፍበትን ቦታ የሚዘጋው ሜካኒካል ሲል የሚባለው ክፍል ሲሆን፣ ፊት ለፊት የሚፋተጉት ሁለት ገጾቹ የሚቀዘቅዙትና የሚለሰልሱት በሚያልፈው ውኃ ብቻ ነው። ፓምፑ ለሁለት ወር በየጠዋቱ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ በደረቁ ሲዞር ሲሉ ይጋያል፣ ገጹ ይሰነጠቃል፣ ጎማው ይደርቃል። ከዚያ ክሎሪን ያለበት ውኃ በዘንጉ በኩል ወደ ፊተኛው ኩሽኔታ ይደርስና ቅባቱን አጥቦ ያዝገዋል። እንግዲህ ሞተሩን አስጠቅልለው ወይም አዲስ ገዝተው አየር የሚያስገባውን ቦታ ሳይደፍኑ ቢቀሩ፣ አዲሱም ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው መድረሱ አይቀርም።

ጥቅልሉን ለማረጋገጥ ባለሙያው በሽቦዎቹና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን መከላከያ በሜገር እንዲለካልዎ ይጠይቁት። ከ1 ሜጋኦም በላይ ከሆነና የሁለቱም ጥቅልሎች ንባብ ካልተቋረጠ፣ «ተቃጥሏል» ያለዎት ሰው በግምት ተናግሯል ማለት ነው።

አየር የሚገባበትን ቦታ በተመለከተ፣ የመለኪያዎ መርፌ ዝቅ ብሎ መርገብገቡ ትልቅ ፍንጭ ነው። ማጣሪያው ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ከንጹሑ ጊዜ በግማሽ ባር ያህል ከፍ ይል ነበር። ዝቅ ሲል ግን ውኃው ፓምፑ ዘንድ እየደረሰ አይደለም። በመጀመሪያ የገንዳው ውኃ እስከ ስኪመሩ (በገንዳው ግድግዳ ላይ ሆኖ የላዩን ውኃ የሚስበው ክፍል) አፍ አጋማሽ መድረሱን፣ ቅርጫቶቹም በጃካራንዳ አበባና በቅጠል አለመታፈናቸውን ይመልከቱ። ቀጥሎ የክዳኑን ጎማ አውጥተው ይጠቡና እያጠፉ ስንጥቅ ይፈልጉበት። ብዙ ቦታ ቫዝሊን ሲቀቡት አያለሁ፤ ቫዝሊን የነዳጅ ውጤት ስለሆነ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት አሳብጦ ያበላሻል፤ ለዚህ የሚሆነው የሲሊኮን ቅባት ነው። ፓምፑ ከተጠገነ በኋላ ደግሞ እየሠራ ሳለ በየመገጣጠሚያው ላይ ውኃ ያፍስሱ፤ ሲያፈስሱ አረፋው ለአፍታ የሚቆምበት መገጣጠሚያ ጥፋተኛው እርሱ ነው። መስመሩን ለመለየት የስኪመሩን ቫልቭ ዘግተው በታችኛው፣ ማለትም በገንዳው ወለል ባለው መምጠጫ ብቻ ያስነሡት፤ አረፋው ከጠፋ አየሩ የሚገባው በስኪመሩ መስመር ነው።

መልስ፦ የገንዳ ጥገና ሠራተኛ፣ ቨርጂኒያ

የአዳማው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ በመጨረሻው ምክር ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግዴታ ነው። ስኪመሩ ተዘግቶ ፓምፑ በታችኛው መምጠጫ ብቻ በሚስብበት ሰዓት ማንም ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ገንዳው ውስጥ መኖር የለበትም። ጠቅላላው ስበት በአንድ ቀዳዳ ላይ ስለሚያርፍ የሰውን ገላ ወይም ፀጉር ይዞ ሊያስቀር ይችላል። እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ 2002 የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ በዚህ ሁኔታ ሞታ፣ በ2007 በስሟ የተጠራ የፌዴራል ሕግ ወጥቷል፤ ሕጉ የሕዝብ ገንዳዎች መምጠጫ ሰው የማይዝ ክዳን እንዲኖረው ያስገድዳል። የእርስዎም ገንዳ እንግዳ የሚዋኝበት ስለሆነ፣ የታችኛው ክዳን የተሰበረ ወይም ብሎኑ የወለቀ ከሆነ የፓምፑን ነገር አቆይተው እርሱን ያስቀድሙ።

ከወንድምዎ ስለሚመጣው ሞተር ሐሳቤን ልስጥ፤ በእኔ በኩል አልመክርም። እዚህ ለቤት ገንዳ የሚሸጡት ፓምፖች በብዛት ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ለሚመላለስበት ልክ) የተሠሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። እዚህ በደቂቃ 3,450 ዙር የሚዞረው ሞተር እዚያ 2,850 ገደማ ብቻ ይዞራል፤ የሚገፋው ውኃ ወደ አምስት ስድስተኛ ሲወርድ የሚፈጥረው ግፊት ደግሞ ከሙሉው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ራሱም ለተሠራበት ኸርዝ ያልሆነ ቮልቴጅ ሲሰጠው ከሚገባው በላይ ይሞቃል። በዚያ ላይ የቧንቧው ልክ አይገጥምም፤ የአሜሪካው አንድ ተኩል ኢንች ፕላስቲክ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 48.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእናንተው 50 ነው። ያንን ልዩነት በማጣበቂያና በቴፍሎን ለመሙላት መሞከር ሌላ የአየር ቀዳዳ መክፈት ነው።

ስለ አየር ቀዳዳ ከተነሣ፣ ሰዎች የማይጠረጥሩት አንድ ቦታ አለ። ወደ ፓምፑ አፍ በጥርስ የሚገባውን የፕላስቲክ ማገናኛ ፈትተው ይዩት። ፓምፕ በደረቁ ሲዞር በውስጡ የቀረችው ጥቂት ውኃ እስከ መፍላት ትደርሳለች፤ በዚያ ሙቀት ማገናኛው ይኮማተርና ጥርሱ ይላላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ትንሽ አየር ያስገባ የነበረ ክዳን ምክንያት ሆኖ ሁለተኛና የባሰ ቀዳዳ ሊፈጠር ይችላል። ክዳኑን ብቻ ቀይረው «አልተሻለም» የሚሉ ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ይህ ነው።

መልስ፦ የሆቴል ጥገና ኃላፊ፣ አዲስ አበባ

ከላይ የተባለውን ሳልደግም ስለ ቦታው ከፍታ ልናገር፤ አምራቾች በመመሪያቸው የሚጽፉት አብዛኛው ልክ ለባሕር ጠለል ነውና። ፓምፕ ውኃን «ጎትቶ» አያወጣም፤ በውስጡ ባዶ ቦታ ሲፈጥር የከባቢ አየር ግፊት ነው ውኃውን ወደ እርሱ የሚገፋው። ያ ግፊት በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር ከፍታ ያለውን የውኃ ዓምድ መሸከም ሲችል፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ቢሾፍቱ የሚሸከመው 8.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የእርስዎ 1 ሜትር በራሱ ችግር ባይሆንም በጠባብ ቧንቧና በብዙ ክርን ላይ ሲደመር ትርፉን ይበላዋል። 60 ሜትር ኩብ ውኃ በስድስት ሰዓት እንዲያጣራ የሚፈለግ ፓምፕ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ መሳብ አለበት፤ ይህም በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.7 ሜትር ገደማ ነው፤ እርሱም ለመሳቢያ መስመር ዳር ላይ ያለ ነው። የእርስዎ መሳቢያ 40 ከሆነ ግን ወደ 2.7 ይደርሳል፤ ያኔ ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል። ለሞተሩም ከፍታው ጣጣ አለው፤ ተራ ሞተሮች ልካቸው የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዙም። በመሆኑም ክፍሉ አየር የሚገባው ይሁን፤ የክሎሪን በርሜልም እዚያ አይቀመጥ፤ ተኑ መዳቡንና ብረቱን ይበላል።

ሌላው ቮልቴጅ ነው። ሲያስነሡት 180 ቮልት ብቻ ካለ የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበቱ በቮልቴጁ ካሬ ይቀንሳል። ጤነኛው ሞተር በዚያ ሰዓት ቢያጉረመርም አይደንቅም። ፓምፑን ሰው ሁሉ ምድጃ በሚለኩስበት በማታው ሰዓት ከማስነሣት ይልቅ ቀን ላይ ማሠራት ይሻላል።

አንዳንድ ሰዎች ውኃው ሌሊት እንዳይመለስ በመሳቢያው ላይ ቼክ ቫልቭ እንዲገጠም ይመክሩዎት ይሆናል። ከውኃው በላይ ለተቀመጠ ፓምፕ ጥሩ ነው፤ አየር የሚያስገባው ቦታ ሳይደፈን ከተገጠመ ግን በሽታውን ከመሸፈን በቀር ጥቅም የለውም።

ጠያቂ፦ የቢሾፍቱ ማረፊያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላ ባለሙያ አስመጥተን እዚሁ እንደተጻፈው አስፈተሽን። ፋኑ በእጅ ጨርሶ አልዞር አለ፤ ሲፈታ የፊተኛው ኩሽኔታ ዝጎ ቀይ ሆኖ ተገኘ፤ የሜካኒካል ሲሉም አንዱ ገጽ ለሁለት ተሰንጥቋል። በሜገር ሲለካ ጥቅልሉ ደኅና ነበር። ሁለቱ ኩሽኔታዎችና ሲሉ ተቀየሩ፤ ካፓሲተሩም 20 ተብሎ ተጽፎበት 14 ማይክሮፋራድ ብቻ ስላሳየ አብሮ ተቀየረ።

አየሩን በተመለከተ መጀመሪያ የጠረጠርነው የክዳኑን ጎማ ነበር፤ እርሱን ቀይረን ስናስነሣው አረፋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከቨርጂኒያ የተጻፈውን አስታውሰን ወደ ፓምፑ የሚገባውን ማገናኛ ስንፈታው ጥርሱ በአንድ ጎን ተኮማትሮ ሞላላ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ውኃ ስናፈስበት አረፋው ይቆም የነበረውም እዚያው ላይ ነበር። አዲስ ተገጥሞ ከሦስት ቀን ወዲህ ፓምፑ ጠዋት በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይስባል፤ መለኪያውም 0.9 ባር ላይ ቆሟል። መሳቢያ ቧንቧችን 50 መሆኑንም አረጋግጠናል። ወንድሜን ሞተሩን እንዳይልክ ነግሬዋለሁ።

የታችኛውን መምጠጫ ክዳን ለማየት ሠራተኛችን ጠልቆ ገብቶ ነበር፤ ከአራቱ ብሎኖች ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ተገቢው ክዳን እስኪገኝ ድረስ በዚያ መስመር ያለውን ቫልቭ ዘግተን በስኪመሩ ብቻ እያሠራን ነው፤ ገንዳውንም ለእንግዳ አልከፈትንም። ለ50 ሚሊ ሜትር መስመር የሚሆን፣ ፀጉር የማይዝ ክዳን አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።